ሱሃን ያሳየ ይሰይማት

ነጋዴው የልጁን ስም ምስጢር ሲናገር ግማሹ ቃል በሰዓቶች ጩኸት ተዋጠ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው፤ ከሆነ ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሰዓት ጠጋኙ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአባታቸው የሥራ ጠረጴዛ ሥር ተንፏቀው ወለል ላይ የረገፉ ብሎኖችን በማግኔት ይለቅማሉ። ከላይ አባታቸውና አንድ የተምር ነጋዴ ያወጋሉ። ከነጋዴው የሚታያቸው አቧራ የጠገበ ጫማው ብቻ ነበር። አባት ልጆች እንዳሉት ጠየቁት፤ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለችው፣ ስሟም ሱሃ እንደሆነ ነገራቸው። ምን ማለት ነው ቢሉት፣ "ኮከብ ናት፤ ያውም ምን ዓይነት ኮከብ መሰለህ..." ብሎ ሲጀምር እኩለ ቀን ሆነና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት አሥራ አራት ሰዓቶች በአንድነት ስድስት ስድስት ጊዜ ይደውሉ ጀመር። አሥራ ሦስቱ ሲጨርሱ፣ ሁልጊዜ የሚዘገየው አሥራ አራተኛው ሰዓት "እኔስ?" ያለ ይመስል ብቻውን ከኋላ ተነሣ። ጸጥታ ሲመለስ ነጋዴው "...እንዲህ ነው ነገሩ፤ ለዚህ ነው ሱሃ ያልኳት" እያለ ነበር፤ አባታቸውም እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

የተዋጠውን ግማሽ ለመጠየቅ ከጠረጴዛው ሥር መውጣት ያስፈልጋል። መውጣት ደግሞ የትልቅ ሰው ወሬ ሲያዳምጡ መዋልን ማመን ነው። ስለዚህ ዝም አሉ። ጎደሎውን በራሳቸው ሞሉት፦ ሱሃ ማለት ከከዋክብት ሁሉ ደማቋ፣ የሰማይ እመቤት። ሲጎለምሱም፣ ሲያገቡም፣ ሚስታቸውን ሲቀብሩም ይህን ስም እንደ ክት ልብስ አጥፈው አስቀመጡት። ሴት ልጅ ሳትሰጣቸው ሚስታቸው አረፈች፤ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው።

ያ ልጅ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነ፤ አገባ፤ ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ተጠበቀ። በአሥራ ሁለተኛው ሴት ልጅ ተወለደች።

እንግዲህ ሰው በስልሳ ሁለት ዓመቱ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሲታቀፍ ምን ይሆናል? ሰዓት ጠጋኙ የሆኑትን ይሆናላ። በአንድ እግራቸው ጥቁር፣ በሌላው ቡናማ ጫማ አድርገው መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሩት። የልጅቷ ክብደት ጠዋት ለዳቦ ጋጋሪው ሲነገር ሦስት ኪሎ ነበር፤ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሲደርስ ሦስት ተኩል፣ አመሻሽ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አምስት ኪሎ ገባ።

"ጋሼ፣ በዚህ አያያዟ ነገ በእግሯ መጥታ ፀጉሯን ትስተካከላለች" አላቸው ፀጉር አስተካካዩ።

የጫማቸውን ነገር ያየ ሁሉ ደስታ አስክሯቸው ነው አለ። እውነት ነው፣ ደስታው ነበር። ግን ደስታው ብቻ አልነበረም፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ናቸው። ከዓመት ወዲህ ዓለሙ ሁሉ እንፋሎት የያዘው መስታወት ጀርባ ገብቶባቸዋል። ወረንጦውን ይጨብጣሉ፣ ብሎኗ ግን የለችም። የግድግዳ ሰዓት በጣታቸውና በጆሯቸው ይጠግናሉ። ትንሽ የእጅ ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ግን "ጊዜ የለኝም" ነው መልሳቸው። ሰዎቹም ሰዓት ቤት ውስጥ ጊዜ ከጠፋ ወዴት ይኬዳል እያሉ ስቀው ይመለሳሉ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ማለት ለሰው መናገር ነው፤ ለሰው ከተነገረ ደግሞ ማየት ለተሳነው ሰዓት ጠጋኝ ማን ሰዓቱን ይሰጣል? እንዲህ እያሉ ቀኑን በቀን ይገፉታል።

ትንንሽ ሰዓት አልቀበልም ያሉት ግን ዘግይተው ነው። መሳቢያቸው ውስጥ ሰባት ወር የሞላት አንዲት የሴት ሰዓት አለች፤ የምራታቸው እናት ናት ባለቤቷ። የምራታቸው እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልሳን ተሻግረው መነጽር ሳያደርጉ ይሰፋሉ፤ በዚህ የሚኮሩት ኩራት ለአንድ ሰፈር ተካፍሎ ይተርፋል። ሰዓታቸውን በጠየቁ ቁጥር ሰዓት ጠጋኙ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ነው ይሏቸዋል።

"ምነው ጋሼ፣ በዋና ነው እንዴ የሚመጣው?" ይላሉ ልብስ ሰፊዋ።

ሕፃኗ በተወለደች በአምስተኛው ቀን፣ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ሰዓት ጠጋኙ ሃምሳ ሦስት ዓመት ያጠፉትን ስም ዘረጉት። ሱሃ፤ የዓረብ ስም ነው፤ የሰማዩ ደማቅ ኮከብ። ልጃቸው ማንኪያውን ጥሎ ተነሣ። ይህ ሰው ትምህርት ቤት ሳለ እሱን ጨምሮ አራት ልጆች በአንድ ስም ይጠሩ ነበርና መምህሩ በቁጥር ለይተውት እስከ ዛሬ "አራተኛው" እንደተባለ ቀርቷል። ሚስቱ ሳትቀር ስትቆጣ ብቻ ነው በስሙ የምትጠራው። ልጁን መንገድ ላይ ሲጣራ ከልጁ በቀር ማንም የማይዞርለት ስም ሲመኝ ኖሯልና አባቱን አቅፎ ወንበሩን ከነአባቱ አሽከረከረው።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልወደዱትም። ስም ለመጠሪያ እንጂ ለመጠያየቂያ ነው እንዴ አሉ። ልጅቷ በሄደችበት "ማን አልሽ? ድገሚው እስቲ" ስትባል ልትኖር ነው። እሳቸው ያሰቡት ስም ሁሉም የሚያውቀው፣ በየቤቱ አንድ አንድ ያለ ስም ነበር። አራተኛው ይህን ሲሰማ ልጄ ደግሞ ስድስተኛዋ ልትባል ነው ብሎ ምርር አለ።

ክርክሩን የሚዳኝ አንድ ነገር ነበር። በሰዓት ጠጋኙ ወገን ከቅድመ አያት የወረደ ደንብ አለ፦ ስም ያወጣ ሰው፣ ስሙ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ትርጉሙን ለሕፃኑ እናት በጣቱ ማሳየት አለበት። ማሳየት ካቃተው ስሙ ይወድቃል፤ የመሰየሙም ሥልጣን ለሌላው ወገን ያልፋል። "ጤዛ" የሚል ትርጉም ያለው ስም ያወጡ አንድ አያት አራሷን በማለዳ ቀስቅሰው እግሯን ሣር ላይ አስረግጠዋታል። "አንበሳ" ያሉ አጎት ሦስት ቀን ተጉዘው፣ ከአጥር ውጭ ሆነው ጅራቱን ብቻ አሳይተዋል፤ ጅራትም ከአንበሳ ይቆጠራል ተብሎ አለፈላቸው። "ትዕግሥት" የሚል ትርጉም የመረጡት ለፍላፊዋ አክስት ግን አንድ ሙሉ ቀን ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠው መዋል ነበረባቸው። የአንበሳው ይሻል ነበር ብለዋል በማግስቱ።

"ኮከብ ከሆነችማ ምን ችግር አለ" አሉ ሰዓት ጠጋኙ፤ ደማቅ ኮከብ ዓይኑ ለደከመም አይጠፋም ብለው በልባቸው ተማምነዋል። "አንገት ቀና ማድረግ ነው።"

በማግስቱ አባትና ልጅ ልደት መዝገብ ቤት ሄዱ። ጸሐፊዋ ስሙን ኮምፒውተሯ ላይ ጽፋ ፈለገች፤ አራተኛው መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ስንት እንዳሉ ጠየቃት።

"ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁለተኛዋ..." ጸሐፊዋ ወደ ስክሪኑ ቀረበች፤ "ሁለተኛዋም እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል።"

አራተኛው በደስታ እጁን አጨበጨበ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ምን እንደተሰጠው ለማየት ዞረ። እንግዲህ መንገድ ላይ ሲጣራ የሚዞር የለም ማለት ነው። ጸሐፊዋ እኚያ የሰማንያ አንድ ዓመቷ ሊዞሩ ይችላሉ ብትለው፣ እሳቸው ዞረው እስኪጨርሱ ልጄ ቤት ትገባለች አላት። ከዚያ ግን ጸሐፊዋ ቅጹን መለሰችላቸው። ብርቅ ስም ስለሆነ ከዓረብኛ አዋቂ አጻጻፉንና ትርጉሙን አረጋግጠው ይምጡ፤ ቀነ ገደቡ ገና ሁለት ወር ከምናምን አለው።

የሚያውቁት ዓረብኛ አዋቂ አንድ ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከሦስት ድመቶች ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር። መምህሩ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በዓረቦቹ አገር የታወቀ ስም እንደሆነ፣ ብርቅ የሚሆነው እንደኛ ባለ ቦታ እንደሆነ ነገሯቸው። ሰዓት ጠጋኙም ደረታቸውን ነፍተው የሰማይ ደማቋ ኮከብ መሆኗን አከሉላቸው።

"ደማቋ?" አሉ መምህሩ። "ማን ነው እንዲህ ያለዎት? በዓይን ከሚታዩት ደብዛዛዋ ናት እንጂ።"

ድመቷን ከጭናቸው አውርደው ወረቀት ላይ ሳሉላቸው። ጭልፋ የሚመስሉ ሰባት ከዋክብት አሉ። የጭልፋው እጀታ ላይ ካሉት ከሦስቱ፣ የመካከለኛዋ ጎን ተጠግታ አንዲት ጭላንጭል አለች፤ ሱሃ እሷ ናት። ስሟም ከመዘንጋት ጋር ይዛመዳል ይላሉ፤ የሚያያት ጥቂት ስለሆነ። የጥንት ሰዎች የዓይናቸውን ጥራት የሚፈትኑት በእሷ ነበር፤ ሱሃን ያየ ዓይኑ ጤነኛ ነው። ረቂቁን ሲያሳዩት የታወቀውን ለሚመልስ ሰው የሚባል ተረትም አላት፦ "እኔ ሱሃን አሳያታለሁ፣ እሷ ጨረቃን ታሳየኛለች።"

አሥራ አራቱ ሰዓቶች የዋጡት ግማሽ ይኸው ተገኘ። ሰዓት ጠጋኙ መጀመሪያ ክው አሉ። ቀጥሎ ከሆዳቸው የመጣ ሳቅ አፈናቸው፤ ሳቁ እንባ ሆኖ ወረደ። በዓለም ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ ሃምሳ ሦስት ዓመት ተሸክመው የዞሩት የዓይን መፈተኛ ኖሯል። አቤት ፈጣሪ፣ ቀልድ ማወቅህ አሉ በልባቸው፤ ሲቀልድባቸውም እንኳ ያስታወሳቸው መሆኑን አልዘነጉም። ድመቶቹ ሦስቱም አልጋ ሥር ገቡ።

አራተኛው ያየውን የሚደብቅ ሰው አይደለም፤ ቤት ሲገቡ ሁሉንም ዘረገፈው። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኗን ከክንዳቸው ሳያወርዱ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀች ልጅ "የተዘነጋች" ልትባል ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አስከትለውም እስቲ ጋሼ ያሳዩናና ይሰይሟት አሉ። ሰዓት ጠጋኙ ነገሩን ትተው መውጣት ይችሉ ነበር። ግን ስሙ ከመቼውም በላይ ጣማቸው። ያቺ ደብዛዛ ኮከብ ለካ አልጎደለባትም፤ የጎደለው ከሚያየው ዓይን ነው። ይህን በልባቸው ያዙት፤ አንደበታቸው ግን ቅዳሜ ጀንበር እንደጠለቀች ጣሪያ ላይ አሳያችኋለሁ ብሎ ተሳለ።

"እኔ ከቀደምኩዎትስ?" አሉ ልብስ ሰፊዋ። "ይኸው መርፌ ያለ መነጽር የሚሰካ ዓይን አለኝ።"

"ከቀደሙኝማ እርስዎ ይሰይሟት፣ እሜቴ" አሉ ሰዓት ጠጋኙ፤ ይህን ከሚሉ ምላሳቸውን ቢነክሱ ይሻላቸው ነበር።

ምራታቸው እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ተቀበለች። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ የምታነብ፣ የሰው አኳኋንም የማያመልጣት። "ስሙን ወድጄዋለሁ" አለች። "ደንቡም ደንብ ነው። ቅዳሜ እጠብቃችኋለሁ።"

ሰዓት ጠጋኙ ያንን ሳምንት እንቅልፍም አላማራቸው። ዓይን ቢከዳ ሙያ አለ፤ ሰማይም ቢሆን የሚዞር ሰዓት ነው። መምህሩን ለምነው ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጭልፋው እጀታ በየት በኩል እንደሚሆን ጣሪያው ላይ ቆመው አስለኩ። ከዚያ ብልሃታቸውን ሠሩ፦ ከደረጃው አፍ ስድስት እርምጃ፣ የግራ እጅ የቴሌቪዥኑ አንቴና ብረት ላይ፣ የቀኝ ክንድ ከብረቱ ቅርንጫፎች ጋር ትይዩ፣ ጣት ከጫፉ በላይ ሁለት ስንዝር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሃያ ጊዜ ተለማመዱት። ሃያውንም ጊዜ ልክ ነበሩ።

ቅዳሜ መጣ። ጀንበር ጠልቃ ሰማዩ እንደጠቆረ አራተኛው ሕፃኗን አቅፎ፣ ምራታቸው ሻል ደርባ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሁሉም ወደ ጣሪያው ወጡ። ሰማዩ አንድ ጉም አልነበረበትም። ሰዓት ጠጋኙ እንደ ሙሽራ ተላጭተዋል። ስድስት እርምጃ ሄዱ፤ ግራ እጃቸው ብረቱን አገኘ፤ ቀኝ ክንዳቸው ተዘረጋ፤ ጣታቸው ሰማዩን ወጋ።

"ያቻትና! ሱሃ!"

"ውይ እኔማ ከእሳቸው በፊት ነው ያየኋት!" አሉ ልብስ ሰፊዋ ጣታቸውን ከሰዓት ጠጋኙ ጣት ጎን እየዘረጉ። "ቸኩዬ እንዳልናገር ነው እንጂ።"

ምራታቸው በጣቶቹ አቅጣጫ አየች። ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ "እንዴት ያለች ናት፣ እማዬ?" ብላ ጠየቀች።

"ቢጫ ናት። ፍልቅልቅ ያለች። ምኗ ነው የሚዘነጋው!"

"እኔም ቢጫዋን ነው" አሉ ሰዓት ጠጋኙ።

በዚያው ቅጽበት ኮከቧ ቀጭ ብላ ጠፋች።

ከማዶ ካለው ፎቅ የውኃ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም በር ተዘጋ።

"ጎረቤታችን ታጥቦ ጨረሰ" አለች ምራታቸው።

አራተኛው ነው ቀድሞ የፈነዳው። እየሳቀም ጥፋቱን ተናዘዘ፦ ሐሙስ ዕለት ኳስ ሊያይ ፈልጎ ሥዕሉ ቢንቀጠቀጥበት አንቴናውን ሩብ ዙር አዙሮታል፤ አባቱ እንደ መሪ የሚይዙት መሆኑን በምን ያውቃል። ሰዓት ጠጋኙ ሃያ ጊዜ የተለማመዱት ልኬት ሰማዩን ትቶ የሰው መታጠቢያ ቤት ላይ አነጣጥሮ ኖሯል። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሰዓት ጠጋኙም ብረቱን ተደግፈው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። ሕፃኗ ነቃች፤ የሁሉንም ፊት ባንድ ዙር ቃኝታ መልሳ ተኛች።

ምራታቸው ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ሕፃኗን ወሰደችና የለበሰችውን ቀሚስ ገለጥ አደረገች። አያት ሰፍተው ያመጡት ነው። ሦስቱ ቁልፎች በውስጥ በኩል ተተክለዋል፤ አንደኛው እጅጌ በሰማያዊ፣ ሌላው በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።

"ፋሽን ነው" አሉ ልብስ ሰፊዋ።

"እማዬ።"

ልብስ ሰፊዋ ሻላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው የጎረቤት ልጅ በየሳምንቱ እየመጣች ሃያ መርፌ ክር አስገብታ መርፌ መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ እንደምትሰካላቸው ተናገሩ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ዓርብ ላይ መርፌው ካለቀ ራሴን አመመኝ ብለው ይተኛሉ።

ሰዓት ጠጋኙ ይህን ሲሰሙ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ። ከመሳቢያው አውጥተው የያዟትን፣ ሊመልሷት አስበው ያልመለሷትን ትንሽ የሴት ሰዓት አውጥተው በልብስ ሰፊዋ መዳፍ ላይ አኖሯት።

"መለዋወጫው ባሕር ማዶ አይደለም፣ እሜቴ። እዚህ ነው ያለው" አሉ፤ ጣታቸው ዓይናቸውን ነካ። "ዓመት ሆነው። ሱቁ እንዳይዘጋብኝ ፈርቼ ነው።"

የሳቀ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቷን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝምታዋን አዳመጡ። "እኔም ትራሱ እንዳይታይብኝ ፈርቼ" አሉ።

ምራታቸው የዓይን ሞራ መድኃኒት ቤቷ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው፣ ታይቶ የሚነሣ ነገር መሆኑን ነገረቻቸው፤ ሌላም ከሆነ ሐሙስ ዕለት የዓይን ሐኪሙ ይለየዋል። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላው የሰማይ ጥግ አዞረች፤ ጭልፋው እዚያ ተዘቅዝቆ ነበር። ረጅም ጊዜ አየች። አራተኛው አየሻት ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

"አይቻታለሁ" አለች። "እጀታው መካከል፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ቆንጆ ናት። ግን ደንቡ ያወጣው ሰው ያሳየኝ ነው የሚለው። ቀነ ገደቡ ሁለት ወር አለው፤ ልጄ እስከዚያ ያለ ስም ትጠብቃለች። አያቶቿን ለመጠበቅ እንግዳ አይደለንም፤ እኛም እሷን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀናታል።"

ሰዓት ጠጋኙ አንቴናውን ለቀቁት። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን እንደማይታያቸው ሳይደብቁ ወደ ሰማይ አዩ። ጭጋግ ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ ግን አንዲት የተዘነጋች ነገር ተቀምጣ እንደምትጠብቃቸው አሁን ያውቃሉ። በልባቸው አጭር ጸሎት አደረሱ፤ ረጅሙን ለሐሙስ አቆዩት።

ሐኪሙ ዘንድ ማን ይቅደም በሚለው ላይ ደግሞ እስከ ደረጃው ድረስ ተጨቃጨቁ። ልብስ ሰፊዋ ሰዓት ቤት ያለው ይቅደም፣ ጊዜ ያለው እሱ ነው አሉ። ሰዓት ጠጋኙ ያለ መነጽር መርፌ የሚሰካው ይቅደም፣ ለሐኪሙም ሥራ ይቀልለታል አሉ። በመጨረሻ ሰዓት ጠጋኙ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሐኪሙ ወንበር ላይ ቀድመው ሊቀመጡ እሺ አሉ፤ ልብስ ሰፊዋም ከጎናቸው ሊጠብቁ እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ በሁለቱም በኩል ጥብቅ ሆነ፦ ግድግዳው ላይ ያሉት ፊደሎች ሲነበቡ የሚያንሾካሹክ አይኖርም።